መርዶ ያልተነገረለት ፎቶ

ረቡዕ

ሰርቨሩ ተነሣ! ጠዋት ሙሉ እየወደቀ ደሜን ሲያፈላው ቆይቶ፣ አንድ ያልተዘጋ ቅንፍ ስዘጋለት ቀጥ ብሎ ቆመ። ብቻዬን አጨበጨብኩ።

እኔ ሰርቨር ሠርቼ አላውቅም። መሥሪያ ቤት ያለኝ ሥራ ኮምፒዩተሩ እምቢ ያለው ሰው ሲደውል «አጥፍተህ አብራው» ማለት ነው። ለማኅበራችን ሽማግሌዎች ግን ኮምፒዩተር የነካ ሁሉ አዋቂ ነው። የቀብር ማኅበሩ ድረ ገጽ ያለበት አሮጌ ቦታ ሊዘጋ ሆነና ሊቀመንበሩ ጋሽ ተገኘ «አንቺ እያለሽ ሰው እንቅጠር?» አሉኝ። አለቀ። ማን እንደሞተ፣ ለቅሶው የት እንደሆነ፣ አውቶቡሱ ከየት እንደሚነሣ የሰፈራችን የቤት ኤሊዔዘር ሰው የሚያየው እዚያ ነው። እምቢ ማለት አይቻልም።

ዛሬ የሠራሁት፦ ለሰርቨሩ ስሙን ነገርኩት። ፋይሎቹ የተቀመጡበትን ቦታ አሳየሁት። የድሮዎቹን ፎቶዎች በሙሉ አዛወርኩ። ገጹ አስተማማኝ መሆኑን የምታሳየው ያቺ የቁልፍ ምልክት አድራሻው ላይ ወጣችልኝ። የተከለከለ ቦታ ለሚነካ ሰው የሚታየውን ጽሑፍ በራሴ ቃል ጻፍኩ፦ «ይቅርታ፣ ይህ በር ተዘግቷል።» ኮራሁበት። የቀረውን ማስተካከያ የተከራየነው ማሽን ይዞት እንደመጣ ተውኩት። ያልገባኝን አልነካም።

መዝገቡን ባላየው ይሻለኝ ነበር። ሰርቨሩ ማን እንደመጣና ምን እንደከፈተ መስመር በመስመር ይጽፋል። የድሮውን አድራሻችንን ወደ አዲሱ ሰርቨር ካዞርኩ ሰዓት ሳይሞላ ከማላውቀው አገር ሁሉ ሮቦቶች መጥተው በሩን እየገፉ ነው። የይለፍ ቃል ይሞክራሉ፤ እምቢ ሲላቸው በመስኮት ይሞክራሉ። የትም ሰርቨር ላይ እንዲህ ነው ይላሉ። ይሁን። እኔን ግን ሰውነቴን ቀፈፈኝ።

ምክንያቱም ውስጥ አጎቴ አሉ።

ልጆቼ አማርኛ ማንበብ ስለማይችሉ እዚህ ልጻፈው። አጎቴ አዳነ ጎንደር ውስጥ ዐርፈዋል። ወደዚህ ወደ እስራኤል ለመምጣት ተራ ሲጠብቁ ኖሩ፤ ሲጠብቁ ሞቱ። አባቴ፣ አክስቴ ጥሩወርቅና እሳቸው ሦስት ነበሩ። አባቴ ቀደም ብሎ ዐረፈ። አሁን የቀሩት አክስቴ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ገና አያውቁም። የሚመጣው ረቡዕ የልብ ቀዶ ሕክምና አላቸው። ሐኪሙ ድንጋጤ እንዳይነካቸው ብሎ አስጠንቅቋል። ልጃቸው ዳኒ ሁላችንንም ሰብስቦ «ኒቱዋሁ ሳያልፍ እማ ምንም አትሰማም!» አለን፤ ቀዶ ሕክምናውን ማለቱ ነው። አስማለን። መርዶው ከዳኑ በኋላ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ እንደ ወጉ በማለዳ ይነገራቸዋል።

ጋሽ ተገኘ ግን ለዚያ ቀን ሁሉም ነገር ተሰናድቶ እንዲቆይ ፈለጉ። ከሩቅ ከተማ የሚመጣ ዘመድ ብዙ ነው። ስለዚህ የአጎቴን ፎቶና ማስታወቂያ አዘጋጅቼ፣ ፎቶዎቹ ካሉበት ውስጥ ለብቻው ፎልደር ከፍቼ አስቀመጥኩት። ከየትኛውም ገጽ ወደዚያ የሚወስድ መንገድ የለም። ማንም አያገኘውም።

ሐሙስ

ከሥራ ስመለስ ከሀደራ ምዕራብ ባቡር ጣቢያ በቀጥታ አክስቴ ዘንድ ሄድኩ። በረንዳ ላይ ናቸው፤ የልጅ ልጆቻቸውን ፎቶ የሚያዩበት ታብሌት ጉልበታቸው ላይ። ከስተዋል። እጃቸውን ስስም ቀዘቀዘኝ።

ስለ አጎቴ አልጠየቁኝም። ያለፈው ሳምንት ሙሉ «አዳነ ለምን አይደውልም?» ሲሉ ነበር፤ ዳኒም «ጎንደር ኔትወርክ የለም» እያለ ይዋሻል። እኔም እንደ እሱ ዋሽቻለሁ። ዛሬ ግን ዝም። ተመስገን ነው፣ ውሸት ሰልችቶኛል።

አንድ ነገር ግን። እራት ላሙቅልዎ ብላቸው «በልቻለሁ፣ ዳኒ ይሙት!» አሉ። የአክስቴ መሐላ እኮ አዳነ ይሙት ነው። ወደዚህ ሲመጡ ከተጓዙበት ከሱዳን በረሃ ጀምሮ። ወጡ ጨው ሲያንሰው አዳነ ይሙት፣ ሎሚው ሲወደድ አዳነ ይሙት። አጎቴ ከሞቱ ወዲህ ይህን መሐላ ባነሡ ቁጥር ፊቴን አዞር ነበር። ዛሬ ዳኒ ሆነ። ቀዶ ሕክምናው ሲቀርብ ልባቸው ወደ ልጃቸው ሄዷል መሰለኝ።

ቤት ገብቼ መዝገቡን ከፈትኩ። ከሮቦቶቹ መሀል አንድ መስመር ዓይኔን ያዘው። የአጎቴን ፎቶ ዛሬ ጠዋት የከፈተ ሰው አለ። መዝገቡ የጻፈው የኢንተርኔት ቁጥር የሩቅ አገር አይደለም፣ የዚሁ የሀደራ ነው።

ጋሽ ተገኘ ናቸው። እንዲያዩት አድራሻውን ልኬላቸው ነበር። ልቤ እንዴት እንደዘለለ! ሞኝ ነኝ።

ዓርብ

ጋሽ ተገኘ አይደሉም።

ደውዬ ስጠይቃቸው ተቆጡ። «እኔ ምን ሻረት አውቃለሁ? በወረቀት አምጪልኝ አላልኩሽም?» ሻረት የሚሉት ሰርቨሩን ነው። የላክሁላቸውን መልእክት ጭራሽ አልከፈቱትም።

ዛሬም ጠዋት ያው ሰው መጥቷል። ያው ቁጥር፣ ያው ፎቶ። ከፈተው፣ ቆየት ብሎ ደግሞ ከፈተው። ያስገረመኝ ማስታወቂያውን አለመንካቱ ነው። እዚያው አጠገቡ አለ፤ መቼ እንደሞቱ፣ ለቅሶው የት እንደሚሆን፣ ሁሉ ተጽፎበታል። ወሬ የሚፈልግ ሰው ጽሑፉን አያነብም? ይህ የሚፈልገው ፊታቸውን ብቻ ነው።

የጠረጠርኳቸው፦
ከአክስቴ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት እትዬ ስንዱ። ወሬ ሳይወለድ ይሰማሉ። ግን ኢንተርኔት አላቸው?
የዳኒ ሚስት። አይ፣ እሷ ምስኪን ናት።
ከማኅበሩ ሰዎች አንዱ፤ በጋሽ ተገኘ ወንበር ላይ ዓይኑን የጣለ፣ እሳቸውን ማሳጣት የሚፈልግ።

ከነዚህ አንዱ ደረጃ ላይ አክስቴን አግኝቶ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ቢልስ? ካፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ አይመለስም። ልባቸው ቆሞ ቢቀር ዳኒ ዓይኔን ያያል? እኔስ የራሴን?

ፎቶውን ጨርሼ ማንሣት ይቻል ነበር። ግን ካነሣሁት ማን እንደሆነ ሳላውቅ እቀራለሁ፤ ቀድሞ ቀድቶት ከሆነም ማንሣቱ አያድንም። ስለዚህ ትርጉም የሌለው ስም የሰጠሁት ሌላ ፎልደር ውስጥ ደበቅኩት። ሰንበት ሊገባ ነው። ኮምፒዩተሩን ዘጋሁ።

ቅዳሜ ምሽት

ሰንበት ወጣ። ጠዋት ጸሎት ቤት ሆኜ የሰውን ፊት አንድ በአንድ ስመረምር ነበር። ማነህ? ማነሽ? ሁሉም እንደ ወትሮው ሰላም አለኝ። እትዬ ስንዱ አቅፈው ሲስሙኝ ደነገጥኩ። ለምን ጠበቅ አድርገው አቀፉኝ?

ሰንበት እንደ ወጣ መዝገቡን ከፈትኩ። ሮቦቶቹ ሰንበት የላቸውም፤ ሌሊትና ቀን ሲገፉ ውለዋል። የሀደራው ሰው ግን ሰንበቱን ሙሉ አልመጣም። አንዴም።

መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ፎቶውን አጣው ብዬ። ከዚያ ገባኝ። አጥቶ አይደለም፤ ከነጭራሹ አልሞከረም። ሰንበትን አክብሮ ነው። እንግዲህ ይህ ሩቅ ያለ ሌባ አይደለም። የእኛው ሰው ነው፣ ከእኛ ጋር የሚጸልይ።

ፈራሁ። እውነቱን ለመጻፍ፣ ከሮቦቶቹ ሁሉ ይህን አንዱን ፈራሁ።

ለአጎቴ እስካሁን አላለቀስኩም። መርዶው ሳይወጣ ማን ያለቅሳል? ሳህን ሳጥብ አንዳንዴ ትዝ ሲሉኝ ቧንቧውን ጨምሬ እከፍተዋለሁ።

እሑድ

አገኘው። ስሙን ቀይሬ፣ ቦታውን ቀይሬ፣ አገኘው!

ምሳ ሰዓት መሥሪያ ቤት ሆኜ ነው ያየሁት። እስካሁን የምፈልገው የፎቶውን ስም ብቻ ነበር። አሁን የዚያን ሰው መስመር ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። በቀጥታ ወደ አጎቴ አይሄድም። መጀመሪያ ሁሉም ፎቶዎች ያሉበትን ዋናውን ፎልደር ይከፍታል። ከዚያ አንዱን ይነካል፣ ይወጣል፣ ሌላውን ይነካል፣ ይወጣል። በጨለማ ግድግዳ እንደሚዳብስ ሰው። መጨረሻ ላይ አጎቴ ዘንድ ደርሶ ይቆማል።

እኔም የዋናውን ፎልደር አድራሻ ጽፌ ገባሁ። ነጭ ገጽ ወጣ፤ በላዩ ላይ ውስጥ ያለው ሁሉ ተዘርዝሯል። ያ ደበቅኩት ያልኩት ፎልደርም እዚያው መሀል ተቀምጧል።

የተከራየነው ማሽን ይዞት የመጣ ማስተካከያ ነው። «መግቢያ ገጽ የሌለው ፎልደር ከሆነ ያለውን ሁሉ ዘርዝረህ አሳይ» ይላል። በአሮጌው ቦታ ፎልደሩ መግቢያ ገጽ ነበረው፤ እኔ ፎቶዎቹን ብቻ አዛውሬ ገጹን ረስቼዋለሁ። ያልገባኝን አልነካም ብዬ በኮራሁበት ቀን፣ ቤቱን ወለል አድርጌ ከፍቼ ነው የሄድኩት።

አንዲት ቃል ሰረዝኩ። በአጎቴ ፎልደር ላይም ለብቻው «ማንም አይግባ» ብዬ ጨመርኩ። ሰርቨሩን አጥፍቼ አበራሁት። ሞከርኩ፦ «ይቅርታ፣ ይህ በር ተዘግቷል።»

ዕፎይ! ከስንት ቀን በኋላ ምግብ ጣመኝ። ይህ ሰው ማንም ይሁን ማን ነገ መጥቶ ግንባሩን ይመታል። ብቻ ያወቀውን አፉ ውስጥ ይዞ እስከ ረቡዕ ይቆይልኝ።

ሰኞ

ጠዋት መጣ። ተከለከለ። እንደገና ሞከረ፣ ተከለከለ። ደግሞ፣ ደግሞ፣ ደግሞ።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ደስ አላለኝም። የሌባ አሞካከር አይደለም። ሌባ አንዱ በር እምቢ ሲለው ወደ ሌላው ይሄዳል። ይህ አንዱኑ በር ይገፋል፣ ያርፋል፣ ይገፋል።

ያን እያየሁ ስልኬ ጮኸ። አክስቴ ናቸው። ሥራ ላይ ስሆን ደውለው አያውቁም።

«ልጄ፣ ታብሌቱ ነጭ ሆነብኝ» አሉ።

«የቱ ነው ነጭ የሆነው፣ እትዬ?»

«ያ ሻማው።»

ሻማው። እኔ ነኝ የሠራሁላቸው፣ ዓመታት አልፈውታል። አክስቴ ፊደል አያውቁም። ዕድሜያቸውን የሰው ቢሮ ሲያጸዱ ኖረው መማሪያ ጊዜ አላገኙም። ታብሌቱ ላይ ሁሉንም በሥዕል ለይቼላቸዋለሁ፦ ስልክ ለመደወያ፣ ፀሐይ ለአየር ጠባይ፣ ሻማ ለማኅበሩ ፎቶዎች። ሻማውን ሲነኩት በቀጥታ ዋናውን የፎቶ ፎልደር ይከፍታል። ማን እንደሞተ በፊቱ ለይተው ለቅሶ እንዲደርሱ ብዬ።

አክስቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ወንድሜን ለምን ዘጋሽብኝ?» አሉኝ።

ማክሰኞ

ፈቃድ ወስጄ ወንዙ ዳር ወዳለው ናሓል ሀደራ መናፈሻ ወሰድኳቸው። ሐኪሙ ቀስ ብለው ይራመዱ ብሏል፤ ዳኒም አልጠረጠረም። ባሕር ዛፎቹ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ከጎናችን አንድ ቤተሰብ ሥጋ ይጠብሳል፣ ልጆች ይጮኻሉ።

«ፊደል አላውቅም እንጂ ፊት አውቃለሁ» አሉ። «እዚያ የሚገባው የሞተ ሰው ብቻ አይደለም እንዴ?»

ያለፈው ሐሙስ ጠዋት ሻማውን ሲነኩት እንደ ድሮው ፊቶች ሳይሆን ጽሑፍ ወጣባቸው። ተበላሸ ብለው አንዱን ነኩ። አንድ ሰው ወጣ። ሌላውን ነኩ። እንዲህ ሲነካኩ ወንድማቸው ወጣ። ብቻቸውን። ጎረቤት ሳይሰበሰብ፣ ክንዳቸውን የሚይዝ ሰው ሳይኖር። እኛ ከድንጋጤ ልንጠብቃቸው ስንት ስንማማል፣ እኔ በእጄ በታብሌት አረዳኋቸው። ሰው ጠላቱን እንኳ እንዲህ አያረዳም።

አለቀስኩ። እሳቸው ናቸው ያባበሉኝ። እሳቸው እዚሁ መናፈሻ ውስጥ ሲራመዱ አልቅሰው ይመለሳሉ፤ ዳኒ ዓይናቸውን ሲያይ ከባሕር ዛፉ ነው ይሉታል። በየጠዋቱ ፎቶውን የሚከፍቱት ፊቱ እንዳይረሳቸው ነው። ሲለያዩ ጎረምሳ ነበር፤ ይህን ሽበት ያዩት በዚህ ፎቶ ነው።

«ለዳኒ ልንገረው?» አልኩ።

«እንዳትሞክሪው! የእሱ ልብ ከእኔም የባሰ ነው። ልጠብቃት ብሎ ነው የቆመው፤ ማወቄን ከሰማ ይወድቃል። በመርዶው ቀን እንደ አዲስ አለቅሳለሁ፤ በሰው መሀል፣ በወጉ። አንቺ ማይልኝ።»

«ማን ይሙት ልበል?»

ወደ ወንዙ አዩ። «አዳነን የበላ አፈር በይ» አሉ።

ይህን መሐላ በእሳቸው አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። በሕይወት ባለ ሰው እንዲህ አይማልም። ማልኩ። ያን ጊዜ አጎቴ ለእኔም ሞቱ።

ለሐኪሙስ መንገር ነበረብኝ? አላውቅም። ድንጋጤው እንደሆነ ደርሷል፤ ከነድንጋጤው ነው ነገ የሚገቡት።

ቤታቸው ስንመለስ የታብሌቱን ቁጥር አየሁ። ያው ነው፣ ስፈራው የከረምኩት። የይለፍ ቃል ልሰጣቸው አልችልም፣ መጻፍ አይችሉም። ስለዚህ ሰርቨሩ ላይ አዲስ መስመር ጻፍኩ፦ ይህ ፎልደር ለዚህ ቤት ብቻ ይከፈት፣ ለሌላ ለማንም አይከፈት። ሻማውን እንደ ነኩት በቀጥታ አጎቴን እንዲያመጣ አደረግኩት።

ነኩት። መጣ።

«እንዴት ዋልክ» አሉት።

ረቡዕ

ባቡር ውስጥ ነኝ። እየተንገጫገጭኩ ነው የምጽፈው፤ የጻፍኩትን እኔም ላላነበው እችላለሁ።

ዳኒ «ከአንድ ሰው በላይ አያስገቡም፣ ሥራሽን ሂጂ፣ ከሰዓት ትመጫለሽ» ብሎኝ በማለዳ ወደ ቴል አቪቭ ተሳፈርኩ። ላፕቶፑን ከፍቼ መዝገቡን አየሁ። ተከለከለ። የአጎቴ ፎልደር። ቁጥሩ የአክስቴ ቤት አይደለም፤ የማላውቀው ነው። ደግሞ ተከለከለ። ወይኔ፣ ሌላ ሰው አወቀ አልኩ።

ከዚያ ራሴን በጥፊ መምታት አማረኝ። አክስቴ ዛሬ ቤታቸው አይደሉም! ታብሌቱን ይዘው ሆስፒታል ናቸው፤ ከዚያ ሆነው ሻማውን እየነኩ ነው። እኔ ደግሞ ለቤቱ ፈቅጄ ለሰውዬዋ አልፈቀድኩም። አልጋ ላይ ተኝተው፣ ሊወስዷቸው ሲሉ፣ ወንድማቸውን ይፈልጋሉ፤ የእኔ ያማረ ጽሑፍ «ይቅርታ፣ ይህ በር ተዘግቷል» ይላቸዋል።

መደወል አልችልም፣ ዳኒ አጠገባቸው ነው። መስመሩን ላስተካክል ስል ኔትወርኩ ሄደ። ተመለሰ። ደግሞ ሄደ። አዲሱን ቁጥር ለመጻፍ ትዕግሥት አልነበረኝም፤ ክልከላውን እንዳለ ሰርዤ «ለሁሉም ይከፈት» አልኩ። ለሀደራው፣ ለሮቦቶቹ፣ ለዓለሙ ሁሉ። አጥፍቼ አበራሁ። ጠበቅኩ።

ተከፈተ። አንድ ጊዜ። ከዚያ ዝም።

ትንሽ ቆይቶ ዳኒ «ገባች። አልፈራችም» ብሎ ጻፈልኝ።

በሚቀጥለው ጣቢያ ወርጄ ወደ ሀደራ የሚመለሰውን ያዝኩ። ሥራ አሁን ምን ያደርግልኛል? ተቀምጬ በሩን መልሼ ልዘጋ ጣቴ ከቁልፉ ላይ ሳለ አዲስ መስመር ወጣ። ፎቶው ተከፈተ። ከሆስፒታሉ፣ ከዚያው ቁጥር።

አክስቴ ደንዝዘው ተኝተዋል። ማን ነው የከፈተው? አንገቴ ላይ የቀዘቀዘ እጅ ያረፈብኝ መሰለኝ። ደግሞ ተከፈተ።

ከዚያ ገባኝ። ታብሌቱን ይዘው አይገቡም። ሲገቡ ለዳኒ ሰጥተውት ነው፤ እናቱ ማወቃቸውን አሁን ያውቃል።

አልደወለልኝም። እኔም አልደወልኩም። ምዬአለሁ፣ እና ምን እለዋለሁ? ጋሽ ተገኘ ለመርዶው ሽማግሌ ይዘዋል፤ የሚረዱት ሁሉ አስቀድመው የሰሙ ሆኑ። ያም ሆኖ ይነገራል። መነገር አለበት፤ ማናችንም በሰው መሀል አላለቀስንም።

«እንዴት ሆኑ?» ብዬ ጻፍኩለት። «ገና ነው» አለ።

ባቡሩ ሀደራ ምዕራብ ሊገባ ነው። ሮቦቶቹ እየገፉ ነው፣ በሩም ክፍት ነው፤ አልዘጋሁትም። ዳኒ ፎቶውን አሁንም ከፈተው። ከቀዶ ሕክምናው ክፍል እስካሁን ማንም አልወጣም።